የቮልስ ወለል ተበልቷል፤ ከላይ ላልብሰው ወይስ ቆርጬ ልቀይረው?

ሽምብጤው

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ግቢያችን ጥግ ላይ የማገዶ ማስቀመጫ ነበረች፤ እናቴን ለምኜ ወርክሾፕ አድርጌያታለሁ። ሞርሳ አለኝ፣ ግራይንደር አለኝ፣ ትራፓኖ አለኝ፣ አንዲት ትንሽ ኢንቨርተር የኤሌክትሮድ ብየዳ ማሽንም አለችኝ። በር፣ መስኮት፣ የአጥር ብረት ስሠራ ቆይቻለሁ። መኪና ላይ ግን በይጄ አላውቅም።

አሁን የአጎቴ ቮልስ እጄ ገብታለች። እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ መጨረሻ ሥሪት ናት። ሞተሯ ይነሳል፣ ማርሿ ይገባል፣ ሊብሬዋም አለ። ቀለሟን ያየ ሰው ገና ሰላም ሳይለኝ «ስንት ትሸጣታለህ?» ነው የሚለው። ምንጣፉን አንስቶ ያየ ግን የለም። እኔ አነሳሁት። ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል፣ ባትሪው በሚቀመጥበት፣ የግቢያችን አፈር ወለል ብሎ ይታያል። በሹፌሩ እግር በኩል ቀዳዳ የለም፣ ግን ካቻቢቴ ስጫንበት ብስኩት የወጋሁ ያህል ይገባል። ከበሩ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ሳጥን ብረትም (የሞተሩ ሙቅ አየር የሚያልፍበት ማለቴ ነው) ሆዱ ተበልቷል። የግራው በር ደግሞ ካላነሱት አይዘጋም፤ ከማጠፊያው ይሁን ከዚሁ ከዝገቱ አላወቅኩም።

አንድ ባትላሜራ ጠርቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየና «ከላይ 2 ሚሊ ላሜራ እናለብሰዋለን፣ ዙሪያውን በይደን ሬንጅ እንቀባዋለን፣ አለቀ» አለኝ። ዝገቱስ ስለው «እሱ ከሥር ነው፣ ምን ያደርግሃል» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም።

እና ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ማልበሱ ያዋጣል ወይስ ቆርጬ አውጥቼ ልቀይረው? በእኔ ማሽን 1 ሚሊ ላሜራ ይበየዳል ወይ፣ ወይስ በስቼ በስቼ ልጨርሰው ነው? መብራቱም አለ፤ ጎረቤት ምጣድ ሲሰካ ማሽኔ ትንፋሿ ይጠፋል። ከቤት ጣሪያ የተረፈ ቆርቆሮ አለኝ፣ እሱንስ ለወለሉ መጠቀም ይቻላል? ክረምቱ ሳይገባ መጨረስ ነው የምፈልገው።

ካቻቢቴ

ወንድሜ ምን ያደክምሃል። ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ሁሉ ተፈላጊ ሆኗል። ገዢው የሚያየው ቀለም ነው። አልብሰህ፣ ሬንጅ ቀብተህ፣ አዲስ ምንጣፍ ዘርግተህ ሽጣት። ቮልስ ውስጥ ገብቶ ወለል የሚወጋ ገዢ እኔ አላጋጠመኝም።

ጋሽ ሞርሳ

ካቻቢቴ፣ አንተ የምታወራው ስለ መሸጥ ነው። ልጁ የጠየቀው ስለ መጠገን ነው። ነገ ያቺን መኪና ገዝቶ ልጆቹን ከኋላ የሚጭን ሰው ይኖራል፣ እሱን አስብ።

ሽምብጤው ልጄ፣ እኔ ብየዳ የተማርኩት እዚሁ ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ነው፣ የሩሲያ መምህራን በነበሩበት ጊዜ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጊዜ አለኝና ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ቮልስ ላይ ወለሉ ማለት ሻንሲው ማለት ነው። መሐል ለመሐል ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ ቦይ አለ፣ ግራና ቀኝ ሁለት የወለል ክንፎች ከሱ ጋር ተበይደዋል። አካሉ ከላይ ይቀመጥና ዙሪያውን በብሎን ይታሰራል። ከበር ሥር ያለው ሳጥን ብረትም ሙቀት ማሳለፊያ ብቻ እንዳይመስልህ። የአካሉ እግር እሱ ነው። እሱ ሲበላ አካሉ መሐሉ ላይ ይሰጥማል፣ በርም አልዘጋ ይላል። አሁን የበርህ ነገር ገባህ? መጀመሪያ የማጠፊያውን ፒን ፈትሽ፤ በሩን ከፍተህ ከጫፉ ይዘህ ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቀው። ማጠፊያው ላይ ጫወታ ከሌለ ችግሩ ከሥር ነው።

ማልበስ ያለህ ሰው ሥራውን ስለማይችል ላይሆን ይችላል፣ ቶሎ ስለሚያልቅለት ነው። ግን እይ። የበሰበሰ ብረት ላይ አዲስ ብረት ስትደርብበት ውሃ ገብቶ የማይወጣበት ኪስ ሠራህ። ዝገቱ እዚያ ውስጥ ማንም ሳያየው ይበላል፣ አዲሱንም ከሥር ይጀምረዋል። ሁለተኛው ነገር ራሱ ብየዳው ነው። ብየዳ የሚይዘው ጤነኛ ብረት ላይ ነው። 2 ሚሊ ላሜራ ለማቅለጥ የሚበቃ እሳት ስትሰጠው፣ ዝገት በልቶ ግማሽ ሚሊ ያስቀረው ጠርዝ ገና ሳትነካው ይበሳል። በያጁ ደግሞ እዚያ ላይ ኤሌክትሮድ ይከምርበታል። ከላይ ወፍራም መስመር ይታይሃል፣ ከሥር የተያዘ ነገር የለም።

ስለዚህ ቁረጠው። ብረቱ በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ ነጭ ሆኖ እስኪታይህ ድረስ ወደ ጤነኛው ግባ። በሹፌሩ እግር በኩል ቀዳዳ የለም ያልከውም ያው ቀዳዳ ነው፣ አትራራለት።

ግን ግራይንደሩን ከማንሳትህ በፊት የሚቀድም አለ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁማት። በክሪክ ብቻ አትተዋት፣ በድንጋይም አትደግፋት፤ ድንጋይ ይሰነጠቃል። ከፊት አክሰሉ ሥር፣ ከኋላ ደግሞ ማርሹ በሚታሰርበት በኩል ወፍራም ጉማጅ እንጨት ወይም ማቆሚያ ብረት አድርግ። ግንበኞች የሚይዙትን የውሃ ልክ ተውሰህ ግራና ቀኟን አስተካክል። ከዚያ የሁለቱንም በር ክፍተት በቱቦላሬ ወጥረው፤ ከላይኛው ማጠፊያ አካባቢ ወደ ቁልፉ አካባቢ አንድ፣ ሁለቱን ጎን ከውስጥ የሚያያይዝ ደግሞ ሌላ። ነጥብ ነጥብ አድርገህ ያዘው፣ በኋላ ቆርጠህ ታወጣዋለህ። ይህን ሳታደርግ ወለሉንና ሳጥኑን ከቆረጥክ አካሉ በራሱ ክብደት ይሰጥምና ያንን በር ማንም መልሶ አይዘጋልህም። ከመቁረጥህ በፊት የበሩን ክፍተት ከማዕዘን ማዕዘን ለካና ግድግዳ ላይ ጻፈው።

ሁለቱን ጎን አንዴ አትቁረጥ። አንዱን ክንፍ ጨርሰህ አካሉን በብሎኑ አስረህ ነው ወደ ሌላው የምትሄደው። የበር ሥሩን ሳጥን የምትበይደው አካሉ በአዲሱ ወለል ላይ ታስሮ ሳለ ነው፣ ያኔ ወለሉ ራሱ ቅርጹን ይጠብቅልሃል። ብሎኖቹ 13 ወይም 14 ቁልፍ ነው የሚወስዱት፣ አብዛኞቹ ዝገው ተጣብቀው ታገኛቸዋለህ። ማታ ናፍጣ አጠጥተህ አሳድራቸው። ካልሆነ ራሱን በግራይንደር ብላው፣ አትታገለው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ይህን ካጠፋህ ቢሮ ለቢሮ ነው የምትንከራተተው። የሻንሲ ቁጥሩ መሐል ላይ ባለው ቦይ ላይ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ተመትቷል። አንተ የምትቆርጥበት ሰፈር ነው። ፎቶ አንሳው፣ ቅባት ቀብተህ በጨርቅ ሸፍነው። ግራይንደር ከነካው ለቦሎ ስትሄድ ከሊብሬው ጋር የሚያመሳክሩት ቁጥር የለህም።

ዓባይ ማዶ

ጋሽ ሞርሳ የጻፉት ላይ የምጨምረው የለኝም፣ እሳቱን ግን አልነኩትም። ያ መሐል ላይ ያለው ቦይ ውስጥ የቤንዚን ቧንቧ ያልፋል። የፍሪሲዮን ገመድ፣ የቤንዚን መስጫው ገመድ፣ የማርሹ ዘንግ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ታንከሩ ደግሞ ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው። ብየዳ ከመጀመርህ በፊት ታንከሩን ፍታና ከግቢ አርቀህ አስቀምጠው። ባዶ ነው ብለህ አትተወው፣ ባዶ ታንከር ከሙሉው ይብሳል፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው። ቧንቧውን ከፊትም ከኋላም ፈተህ በኮምፕሬሰር ንፋስ ንፋው። የፍሬን ቧንቧውም በሹፌሩ በኩል ቦዩን ታክኮ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ከመቁረጥህ በፊት በዓይንህ ተከታተለው። ወንበሮቹን፣ ምንጣፉን፣ ወለሉ ላይ የተለጠፈውን ሬንጅ መሳይ ነገር ሁሉ አውጣ። ሬንጁ ከታች ስትበይድ ከላይ ይቀጣጠላል፣ አንተ መከላከያ አድርገህ አታየውም። ባልዲ ውሃና አንድ የሚጠብቅህ ሰው አጠገብህ ይኑር።

ወደ ማሽንህ። ይቻላል፣ ግን ቀላል አይደለም። ለበርና ለአጥር የለመድከውን 2.5 ወይም 3.2 ኤሌክትሮድ እርሳው። 2 ሚሊ ካገኘህ፣ 1.6 ካገኘህ ደግሞ የተሻለ፣ 6013 የሚለውን ያዝ። አምፔሩን ከ30 እስከ 50 መሐል እየሞከርክ አስተካክል። ኤሌክትሮድ መያዣውን ኔጌቲቩ ላይ አድርገው፣ ሙቀቱ ወደ ላሜራው ይቀንሳል። መስመር አትጎትት። ነጥብ፣ ከዚያ ራቅ ብለህ ሌላ ነጥብ፣ ከዚያ ሌላኛው ጫፍ ላይ፤ የመጀመሪያው ሲቀዘቅዝ ተመልሰህ መሐሉን ሙላ። ከጀርባው ወፍራም መዳብ የሚይዝልህ ሰው ካለ ተገላገልክ፤ የመዳብ ቧንቧ ቀጥቅጠህ ዝርግ አድርገው። መዳቡ ሙቀቱን ይጠጣል፣ ብየዳው ደግሞ አይጣበቅበትም፣ ስለዚህ ቶሎ አይበሳም።

ሚግ የሚባለውን የሽቦ ብየዳ ማሽን መከራየት ወይም ባለቤቱን ከነማሽኑ ለአንድ ቀን መጥራት ከቻልክ ግን እሱን አድርግ። 0.6 ወይም 0.8 ሽቦ ከጋዝ ጋር ለ1 ሚሊ ላሜራ ሌላ ዓለም ነው። እኔ ብሆን ቆረጣውን፣ ልኬቱን፣ ማስተካከሉን ሁሉ ራሴ ጨርሼ፣ በነጥብ ይዤ፣ ለመጨረሻው ብየዳ ብቻ ሰው እጠራለሁ። አብዛኛው ሥራ እኮ ብየዳው አይደለም።

ስለ መብራቱ፣ መጀመሪያ ማራዘሚያህን እይ። ብዙ ሰው ለሬዲዮ በተሠራ ቀጭን ገመድ ብየዳ ይሰካና መብራት ኃይልን ይረግማል። መዳብ፣ ቢያንስ 2.5፣ ሩቅ ከሆነ 4 ካሬ ይሁን። ተጠቅልሎ አትጠቀመው፣ ዘርጋው። ከቆጣሪው ቅርብ ካለ ሶኬት ሳብ። እንጀራ የሚጋገርበትን ሰዓት ደግሞ አንተ ነህ የምታውቀው፣ ያኔ ብየዳውን ትተህ ብረት ሞርድ።

ሽምብጤው

አቦ እግዜር ይስጥልን። ጋሽ ሞርሳ፣ የማጠፊያውን ፒን አሁን ሄጄ ነቀነቅኩት፣ ምንም ጫወታ የለውም። ስለዚህ እርስዎ እንዳሉት ከሥር ነው ማለት ነው። ባትሪው ሥር ያለውን ዝገት ግን አልገባኝም፣ ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚያ ለምን እንዲህ ባሰ? የጣሪያውን ቆርቆሮ ነገርም ማንም አልመለሰልኝም። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ከጣና የሚመጣው አየር ጨው አለው፣ ባሕር ዳር መኪና አይቆይም» ይለኛል። እውነት ነው?

ፖሊ ብረት

የጓደኛህ ነገር አሳቀኝ። ጣና ጨው የለበትም፣ ጨዋማ ያልሆነ ሐይቅ ነው። ጨው የሚበላቸው የምጽዋና የጅቡቲ መኪኖች ናቸው። የእኛ ችግር እርጥበት ነው። ክረምት ላይ ጭቃው ከሥር ይለጠፋል፣ ሳይደርቅ ሌላ ይደረብበታል። ሐይቁ ዳር ወይም ዓባይ ዳር ይዘው ወርደው ከላይ አሳምረው የሚያጥቡ አሉ፤ ከሥሯ ያለውን ጭቃ ማንም አይነካውም፣ ዘይቱና ሳሙናው ደግሞ ዓሣ የምንበላበት ውሃ ውስጥ ይገባል። መኪናም ሐይቅም አልተጠቀመም።

የባትሪው ቦታ የተበላው በአሲድ ነው። ሲሞላ የሚረጨው፣ ሲንገጫገጭ የሚፈሰው እዚያው ነው የሚወርደው። ቆርጠህ ከማውጣትህ በፊት አካባቢውን ሁሉ ሶዳ በውሃ በጥብጠህ እጠበው፣ አረፋ መስጠት እስኪያቆም ድረስ። ያን ካላደረግክ የተረፈው አሲድ አዲሱን ቀለምህን ከሥር ያነሳዋል። ከዚያ በኋላ ባትሪውን የፕላስቲክ ሳህን ላይ አስቀምጠው። ክዳንም አድርግለት። ቮልስ ላይ የኋላ ወንበሩ ስፕሪንግ ከባትሪው በላይ ነው፣ ከኋላ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ ስፕሪንጉ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ከነካ ወንበሩ እሳት ይይዛል። ይህ ተረት አይደለም፣ የታወቀ ነገር ነው። ድሮ መሸፈኛ ነበረው፣ እዚህ አገር ግን ያለው መኪና እምብዛም አላይም።

የጣሪያ ቆርቆሮ አይሆንም። አንደኛ ቀጭን ነው። ሁለተኛ ዚንክ የተነከረ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፣ ብረት ለመቅለጥ ደግሞ ወደ 1500 ይፈልጋል። ስለዚህ ብረቱ ሳይቀልጥ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ብየዳውም በአየር ቀዳዳ ይሞላል። ጭሱን የሳበ ሰው ማታ ላይ ወባ የያዘው ይመስለዋል፤ ብርድ ብርድ፣ ትኩሳት፣ ራስ ምታት። እኛ አገር «ወተት ጠጣበት» ይባላል። ወተቱን ጠጣ፣ ማን ይከለክልሃል፣ ግን ሳንባህ ውስጥ የገባውን አያወጣም። ጥቁር 1 ሚሊ ላሜራ ግዛ። ግፋ ቢል 1.2። ወፍራም ይሻላል ብለህ 2 ሚሊ አትግዛ፣ ለምን እንደሆነ ጋሽ ሞርሳ ነግረውሃል።

ሌላ የረሱት ነገር አለ። የድሮው ወለል ላይ የተጨመቁ መስመሮች ታያለህ አይደል? ለጌጥ አይደሉም። ዝርግ ላሜራ ዝም ብለህ ብትበይድ መሐሉ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፣ ስትነዳም ሲጮህ ይውላል። ከወይራ ወፍራም ጣውላ ላይ በመሮ ጎድጓዳ መስመር አውጣ፣ ላሜራውን ከላይ አስረህ ጫፉን ባሞለሞልከው ብረት ቀስ እያልክ ምታው። አንዴ ልታስገባው አትሞክር፣ ከጫፍ ጫፍ እየተመላለስክ ትንሽ ትንሽ።

ጎንደር ላይ

እኔ የምለው፣ ባትላሜራ የሚያውቀው የጋዝ ብየዳ ነው፣ ሚግ ምናምን ሳይመጣ እነዚህ መኪኖች ሁሉ በጋዝ ነው የተጠገኑት። ለስላሳ ነው፣ በመዶሻ ይታረቃል። ለዝገቱ ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ነው መድኃኒቱ። በየክረምቱ ከሥር እረጫለሁ፣ የእኔ መኪና እስካሁን ጤነኛ ናት። የምን ኢፖክሲ የምን ምን።

ጋሽ ሞርሳ

በጋዙ አልጣላህም። የጋዝ ብየዳ ለስላሳ ነው፣ ስፌቱ በመዶሻ ይታረቃል፣ ጥሩ ባለሙያ እጅ ላይ የሚያምር ሥራ ነው። ለፓራፋንጎና ለበር እኔም እሱን እመርጣለሁ። ግን ሙቀቱ ሰፊ ነው። ሰፊ ዝርግ ወለል ላይ ያን ሁሉ ሙቀት ከለቀቅክበት ላሜራው ይጣመማል፣ እሱን ማረቅ ደግሞ ለጀማሪ አይደለም። ልጁ ደግሞ ሲሊንደርም ቶርችም የለውም። እናቱ ግቢ ውስጥ አሲታይሊን አስገባ ብዬ አልመክረውም።

በዘይቱ ግን አልስማማም። የአንተ መኪና ደህና ከሆነች ደስ ይበልህ። የተቃጠለ ዘይት በመጀመሪያው ጎርፍ ይታጠባል፣ አቧራ ይይዛል፣ ጎማ የሆነውን ሁሉ ያላላል። ቮልስ ላይ በአካሉና በወለሉ መሐል ዙሪያውን የጎማ ማተሚያ አለ። እሱ ሲያብጥና ሲበላሽ ውሃ መግቢያ ሠራህለት። ለዚያውም ሙቅ አየሩ በበሩ ሥር ሳጥን በኩል ወደ ውስጥ ስለሚገባ ሽታውን ስትስብ ነው የምትውለው።

ጎንደር ላይ

ጋሼ የጎማውን ነገር አላሰብኩትም፣ ልክ ነዎት። የእኔ ግን ቶዮታ ናት፣ ቮልስ አይደለችም 😀 ዘይቱን አልተውም።

ዓባይ ማዶ

ክረምቱ ሳይገባ ስላልክ ስለ ቀለሙም ልበል። ቆርጠህ ያጸዳኸው ብረት ክረምት ላይ አንድ ሌሊት ካደረ ጠዋት ቢጫ ሆኖ ታገኘዋለህ። የምትችለውን ያህል ብቻ አጽዳ፣ በዚያው ቀን አንቲረስት ቀባው። ብየዳው የሚያርፍበትን ጠርዝ ግን ባዶ ተወው።

ብየዳው ካለቀ በኋላ ስፌቱን ሁሉ በሲላንት ዝጋ። የመኪና ስፌት መዝጊያ የሚባለውን ነው፣ ለሻወር የሚደረገውን ሲልከን አይደለም። እሱ ሲደርቅ ያ የኮምጣጤ ሽታ ያለው አሲድ ያወጣል፣ ቀለምም አይዝበትም። ከዚያ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ከሥር ደግሞ የሬንጅ ቅቡን። ሬንጅ ዝገት ላይ ከተቀባ ሽፋን ብቻ ነው፣ ንጹሕና ፕራይመር የተቀባ ብረት ላይ ሲሆን ግን ጥሩ ሥራ ይሠራል። ስቱኮ ወለል ላይ እንዳታስብ። ውሃ ይጠጣል።

ሁሉንም ከመጀመርህ በፊት ግን ውሃው ከየት እንደሚገባ ፈልግ። አሲዱ የባትሪውን ጥግ በላ፣ የሹፌሩን እግር ማን በላው? ምንጣፍ አውጥተህ ጋዜጣ ወለሉ ላይ ዘርጋ፣ ከላይ በጎማ ውሃ እያፈሰስክ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ ይይ። እኔ የምጠረጥረው የፊት መስታወቱን ጎማ ነው። የበሮቹም ታች የውሃ ማፍሰሻ ክፍተቶች አሏቸው፣ በአፈር ከተደፈኑ በሩ ውስጥ ያደረው ውሃ በሩን ከታች ይበላዋል። በሽቦ ክፈታቸው።

ካቻቢቴ

እናንተ ሰዎች መኪና ሳይሆን መርከብ ነው የምታሠሩት። እሺ፣ እኔም አንድ የሚረባ ነገር ልበል። ግቢህ ውስጥ ልጆች ካሉ ብየዳውን በሸራ ጋርደው። ቆመው ያዩታል፣ ቀን ምንም አይሰማቸውም፣ ሌሊት ላይ ነው ዓይናቸውን ይዘው የሚጮሁት። አንተም በፀሐይ መነጽር እንዳትበይድ፤ እዚህ ከተማ ስንቱን እንዳየሁ። የግራይንደሩንም መከለያ አትፍታው።

ፖሊ ብረት

ካቻቢቴ ዛሬ ተባረክ። እኔም የምጨምረው፣ ወለሉ የድሮው ጠርዝ ላይ ተደርቦ በሚበየድበት ቦታ ሁሉ ዙሪያውን መስመር አትበይድ። የላይኛውን ላሜራ በ6 ወይም በ8 ትራፓኖ ብሳው፣ ሁለቱን በሞርሴቶ አጥብቀህ ቀዳዳውን በብየዳ ሙላው። ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ነጥብ ብየዳ ማለት ነው፣ ሙቀቱም ትንሽ ነው። ሁለቱ ላሜራ ካልተጋጠመ ግን የላዩ ብቻ ይሞላል፣ የታችኛውን አይዝም። ከሥር ገብተህ ሙቀቱ የለወጠውን ምልክት እይ፤ ምልክት ከሌለ አልያዘም፣ ፈልፍለህ ድገመው። ከመኪናው በፊት በቁርጥራጭ ላሜራ ሞክር፣ በይደህ በመሮ ገንጥለው። ብየዳው ከለቀቀ አምፔሩን ጨምር። ብረቱ ተቀድዶ ብየዳው ከቀረ ጥሩ ነው፣ ወደ መኪናው ግባ።

ሽምብጤው

ተጠቅሜያለሁ፣ ሁላችሁንም። ቆርጬ ልቀይር ወስኛለሁ። ታንከሩን ዛሬ አውጥቼ ከግቢው ማዶ አስቀመጥኩት፣ እናቴም «አሁን ገና አሰብክ» አለችኝ። የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስቻለሁ። ቱቦላሬ ከመስኮት ሥራ የተረፈ አለኝ፣ በሩን እሱ ይወጥርልኛል። ሚግ ያለው አንድ ልጅ ዘንዘልማ መንገድ ላይ አግኝቻለሁ፣ ነጥቡን እኔ ልያዝና እሱ መጥቶ ይጨርስልኛል፣ በቀን ተስማምተናል። ቀኙን ጎን ነው የምጀምረው። የቀረኝ ላሜራው ነው። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ካሉት ብረት ቤቶች ልገዛ ነው፣ ልጠነቀቅ የሚገባኝ ነገር አለ?

ጋሽ ሞርሳ

ካሊፐር ይዘህ ሂድ። 1 ሚሊ ነው ብለው 0.8 ይሰጡሃል፣ በዓይን አይለይም። ጠርዙን ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስት ቦታ ለካው። ከታች ያለውን አስወጣ፣ ከላይ ያለው ዝናብ የነካው ነው። ጠቅልለውም እንዳይሰጡህ፣ ከተጠቀለለ ዝርግ ማድረጉ ሌላ ሥራ ነው፤ ባጃጅ ላይ ስለማይሆን ጋሪ ያዝ።

ሽምብጤው

እሺ ጋሼ። ካሊፐር ግን የለኝም።

ፖሊ ብረት

እኔ አለኝ፣ ያለሁትም ከአንተ ብዙ አልርቅም። በውስጥ ጻፍልኝ፣ ዓርብ ማታ መጥተህ ውሰደው። ሰኞ ግን ይመለስ፣ የመሥሪያ ቤት ነው።